ቀለም ሳይደርቅባችሁ መጨረስ፣ ለሆቢ ያህል መግዛትና ማስቀመጥ

ለሆቢ ብሎ ቀለም የገዛ ሰው ቤት መሳቢያ ብትከፍቱ አንድ ሁለት ድንጋይ የሆነ ቱቦ አታጡም። ግማሹ እንኳን ሳይነካ ክዳኑ ተጣብቆ፣ በጥርስም በፒንሳም ተሞክሮ የተተወ። ሰው ብዙ ጊዜ "ሳልጠቀምበት ቆይቼ ነው" ብሎ ራሱን ይወቅሳል፣ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ችግሩ ከሱቁ ነው ሚጀምረው፣ ምን እንደሚያደርቀው ሳያውቅ ነው የገዛው። ቀለም ሁሉ በአንድ መንገድ አይደርቅም እኮ። የያዛችሁትን ቀለም ምን እንደሚያደርቀው ካወቃችሁ ስንት ሚሊ መግዛት እንዳለባችሁም፣ በምን እቃ የት ማስቀመጥ እንዳለባችሁም ከዛው ይወጣል።

በአጭሩ ቀለም ማለት ፒግመንት ሚባለው ባለቀለም ዱቄትና ዱቄቱን ከወረቀቱ ወይ ከሸራው ጋር ሚያጣብቀው ነገር ነው። ዱቄቱ ብዙም አያሳስብም፣ ደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ዓመታት ቢቆይ ያው ዱቄት ነው። ጣጣው ማጣበቂያው ላይ ነው። አክሪሊክ ከሆነ ማጣበቂያው ውሃ ውስጥ የተበተነ ፕላስቲክ ነው፣ በአይን በማይታይ ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ሲተን ጠብታዎቹ ይጠጋጉና ይዋሃዳሉ፣ ከተዋሃዱ በኋላ ውሃ ብታፈሱበት ብትዘፈዝፉት አይመለስም። የዘይት ቀለም ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ማጣበቂያው አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው፣ ዘይቱ አይተንም፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ነው ሚጠነክረው። የውሃ ቀለም (ያ ትምህርት ቤት ምናውቀው፣ በረጠበ ብሩሽ ሚነካው) ማጣበቂያው የግራር ሙጫ ነው፣ እሱ ይደርቃል ግን ውሃ ሲነካው ተመልሶ ይሟሟል። ኢናሜል፣ ማለትም በቲነር ሚቀጥነው፣ ሁለቱም አለበት፣ መጀመሪያ ቲነሩ ይተናል፣ ከዛ የቀረው ከኦክስጅን ጋር ይጠነክራል።

ስለዚህ የአክሪሊክ ጠላት ሚወጣው ውሃ ነው፣ የዘይት ጠላት ሚገባው አየር ነው፣ ኢናሜል ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው፣ የውሃ ቀለም ግን ጠላት የለውም ማለት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ብሩሽ ምታነሱት ሲመቻችሁ ብቻ ከሆነ፣ ወር ሁለት ወር ሚያልፋችሁ ከሆነ፣ የውሃ ቀለም ግዙ ነው ምላችሁ። አክሪሊክ ዩቲዩብ ላይ ስለሚበዛ ሁሉም እሱን ይገዛል እንጂ ለአልፎ አልፎ ሰው ብዙ ሚባክነው እሱ ነው። የውሃ ቀለም ቱቦ ውስጥ ቢደርቅባችሁ እንኳን ቱቦውን በምላጭ ሰንጥቃችሁ የደረቀውን ቁራጭ አውጥታችሁ የሃይላንድ ክዳን ላይ አርጋችሁ ጠብታ ውሃ ብታደርጉበት ሥራውን ይሰራል። ብቸኛ ጣጣው ሻጋታ ነው፣ እርጥብ እያለ ሳጥኑን አትዝጉበት፣ ክፍት አርጋችሁ አሳድሩት።

አሁን ስንት እንግዛ ወደሚለው። እኛ ሀገር በብዛት መግዛት ብልህነት ነው፣ ጤፍ በኩንታል ሚገዛው ስለሚረክስ ነው፣ ግን ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይደርቅባችሁም። ቀለም ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። ለምሳሌ እንበልና 20 ሚሊ ቱቦ 300 ብር ነው፣ 100 ሚሊው 900 ብር። ትንሹ ሚሊው 15 ብር፣ ትልቁ ሚሊው 9 ብር ይመጣል፣ ስለዚህ ትልቁን ትወስዳላችሁ። ግን ሳይደርቅ የተጠቀማችሁት 40 ሚሊውን ብቻ ከሆነ አንዱ ሚሊ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ነው የወጣባችሁ፣ ሁለት ትንንሽ ብትገዙ ግን 600 ብር አውጥታችሁ ያው 40 ሚሊ ትጠቀሙ ነበር። ቀለም ሲገዛ መካፈል ያለበት ለተገዛው ሚሊ ሳይሆን ሸራው ላይ ለሚያርፈው ነው።

ሸራው ላይ ስንት እንደሚያርፍ ደግሞ መገመት ከባድ አይደለም። የግድግዳ ቀለም ላይ 1 ሊትር ወደ 10 ካሬ ሜትር አንዴ ይቀባል ይባላል አይደል፣ ያንን ወደ ታች ስታወርዱት 1 ሚሊ ለ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ማለትም 10 በ10 ሴንቲ ለሆነች ቦታ። ኤፎር ወረቀት ሙሉውን አንድ እጅ ለመቀባት ወደ 6 ሚሊ፣ 30 በ40 ሸራ ደግሞ 12 ሚሊ ገደማ ይበላል። ይሄ ስስ አርጎ ለሚቀባ ነው፣ በቢላ እየከመረ ሚሰራ ሰው ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ግን አንድ ሥዕል ላይ አንድ ከለር ብቻ ሙሉውን አይሸፍንም፣ ስለዚህ ለአንድ መካከለኛ ሸራ ከአንዱ ከለር 3 ወይ 4 ሚሊ ቢሄድ ነው። በዓመት አምስት ስድስት ሥዕል ለሚሰራ ሰው 20 ሚሊ ቱቦ ምን ያህል በቂ እንደሆነ እዩት።

ከዚህ ውጪ ሚሆነው ነጭ ነው። ነጭ ሁሉም ውስጥ ይገባል፣ ሁሌም ቀድሞ ሚያልቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ቱቦ መግዛት ካለባችሁ ነጩን ብቻ ነው። በተቃራኒው ፍታሎ ሚባሉት ሰማያዊና አረንጓዴ በጣም ሃይለኛ ናቸው፣ የክብሪት እንጨት ጫፍ ምታክል ነጭ ውስጥ ብታደርጉ ሁሉንም ይወስዱታል፣ የነሱን ትንሿን ቱቦ ካገኛችሁ ትልቋን አትንኩ። ጥቁርም ብዙ አይሄድም። ባለ 24 ከለር ስብስብ ሲታይ ያምራል፣ ስጦታም ይሆናል፣ ግን ከ24ቱ አስራ ምናምኑ ከሌሎቹ ተቀላቅለው ሚወጡ ናቸው፣ ወይን ጠጅ፣ ቀላል አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ የሰው ቆዳ ከለር ምናምን፣ እነሱ ናቸው ሳይነኩ ሚደርቁት። ነጭ፣ አንድ ቢጫ፣ ወደ ሮዝ ሚያደላ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አንድ ቡናማ፣ ካላችሁ አብዛኛውን ትሰሩበታላችሁ፣ ሌላው ሲያስፈልግ ይጨመራል።

ርካሽ ቀለም ላይ አንድ ነገር ልበል። የተማሪ ሚባለው ደረጃ ውስጡ ፒግመንቱ ትንሽ ነው፣ ቀሪው መሙያ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ቀብታችሁ የታችኛው ያሳያል፣ ሁለቴ ሶስቴ ትደግሙታላችሁ። ለልምምድ ችግር የለውም፣ ግን "ረከሰ" ስትሉ ሶስት እጥፍ እየሄደ መሆኑን አስቡት። እኔ ነጩን መካከለኛ ደረጃ፣ ሃይለኞቹን ከለሮች ደግሞ ጥሩውን በትንሹ መግዛት ነው ሚያዋጣው ባይ ነኝ።

ሞዴል (ተገጣጥሞ ሚሰራ ትንሽ መኪና፣ አውሮፕላን ምናምን) እና ትንንሽ የሰው ቅርጽ ሚቀቡ ሰዎች ደግሞ ያላቸው ነገር ሌላ ነው፣ እነሱ ቀድሞውኑ በትንሹ ነው ሚሸጥላቸው። ከነሱ የቀለም ብራንዶች ሲታዴል መደበኛው 12 ሚሊ ነው፣ ታሚያ ትንሿ ጠርሙስ 10 ሚሊ፣ ሃምብሮል ኢናሜል ቆርቆሮዋ 14 ሚሊ፣ ቫሌሆ ባለ ጠብታ ጠርሙሱ ለረጅም ጊዜ 17 ሚሊ ነበር። ትንሽ ይመስላል ግን 1 ሚሊ 20 ጠብታ ገደማ ነው፣ 17 ሚሊ ማለት 340 ጠብታ አካባቢ፣ አንድ ትንሽ ቅርጽ ደግሞ ከአንዱ ከለር ሁለት ሶስት ጠብታ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ከመጠኑ በላይ ሚወስነው የጠርሙሱ አፍ ነው። ክዳኑ ብድግ ሲል ሙሉ አፉ ሚከፈት ከሆነ በከፈታችሁት ቁጥር ውሃው ይተናል፣ ጠርዙ ላይ የደረቀው ደግሞ ክዳኑን በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል፣ ከዛ ተዘግቶም ይተናል። ባለ ጠብታው አፉ ጠባብ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚጠቀም ሰው ባለ ጠብታ ነው ምመክረው።

ከውጪ በዘመድ ለምታስመጡ፣ ይቺን ልብ በሉ። ዲሲ ወይ ዱባይ ያለ ሰው "ምን ላምጣልህ" ሲላችሁ ጠርሙሱ ላይ የእሳት ምልክት ያለበትን አታዙት። ኢናሜል፣ ቲነር፣ ስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም፣ አክሪሊክ ቢባልም አልኮል ያለበት አለ፣ ታሚያ ለምሳሌ። በውሃ የተሰራ አክሪሊክና የውሃ ቀለም ግን ሻንጣ ውስጥ ችግር የለበትም፣ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ያው አብዛኛው ኤርፖርት የ100 ሚሊ ሕግ አለበት።

አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ወዲያው አትክፈቱት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛው አካባቢ ነው። ጠርሙሱ የታሸገው ቆላ ከሆነ ውስጡ የቀረው አየር እዚህ ሲደርስ ልውጣ ልውጣ ይላል፣ ለዛ ነው ባለ ጠብታው ጠርሙስ ክዳኑ ሲፈታ ማንም ሳይጨምቀው ቀለሙ እየተንዶሎዶለ ሚወጣው፣ ሩቡ ጠረጴዛ ላይ ሚቀረው። መላው ቀላል ነው፣ ጠርሙሱን ቀጥ አርጋችሁ አሳድሩት፣ ቀለሙ ወደታች ይወርድና አየሩ ከላይ አፉጋ ይሆናል። ጠዋት ታችኛውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አርጉት፣ አፉን በሶፍት ጠቅልላችሁ ቀጥ እንዳለ፣ ሳትጨምቁት፣ ክዳኑን ቀስ አርጋችሁ አላሉት። ፊስስ ይልና አየሩ ብቻ ይወጣል። ቱቦም ያው ነው፣ ክዳኑን ወደላይ አርጎ ማሳደር ነው።

ከዚሁ ሱቅ ስትገዙ ደግሞ ቱቦውን በሁለት ጣት መሃሉን ጫን አርጋችሁ እዩት፣ ሁሉም ቦታ እኩል ለስላሳ መሆን አለበት፣ አንገቱጋ ጠጠር ካለ ተዉት። የታጠፈው ታችኛው ጫፍ ላይ የወጣ ዘይት ወይ የደረቀ ቀለም ካለም ተዉት። ጠርሙስ ከሆነ ነቅንቁት፣ ፈሳሽ ድምፅ ከሌለው ወይ አንድ ነገር ኳ ኳ ካለ (ማደባለቂያ ኳስ ከሌለው ማለቴ ነው) ሄዷል። ከላይ ቀጭን ውሃ ነገር ተንሳፍፎ ከታች ቀለሙ ረግቶ ከሆነ ግን አትፍሩ፣ እሱ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ነው፣ ሲነቀነቅ ይመለሳል። መስታወቱ ፀሐይ ሚያገኘው ሱቅ ከሆነ ከፊት የተደረደረውን ሳይሆን ከኋላ ያለውን ስጡኝ በሉ።

ቤት ከገባ በኋላ አብዛኛው ጉዳይ አንገቱ ላይ ነው ሚያልቀው። ቱቦ ስትዘጉ ጥርሱ (ክዳኑ ሚዞርበት) ላይ የቀረውን ቀለም በሶፍት ጥረጉት፣ ካልጠረጋችሁት ነው ክዳኑ ሚጣበቀው፣ ከፈለጋችሁ በጣም ትንሽ ቫዝሊን ጥርሱ ላይ ቀቡት፣ ግን ውስጥ እንዳይገባ። ባለ ጠብታውን ከተጠቀማችሁ በኋላ ቀጥ አርጋችሁ ያዙትና ትንሽ ጨመቅ አርጋችሁ ልቀቁት፣ ጫፉ ላይ የቀረውን ጠብታ ወደውስጥ ይስበዋል፣ ከዛ ጫፉን በእርጥብ ሶፍት ጠርጋችሁ ዝጉት። ከተደፈነ መርፌ ከታችሁ ወደውስጥ አትግፉት፣ የደረቀው ቁራጭ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይደፍነዋል፣ በመርፌው ጫፍ ወግታችሁ ወደውጭ ሳቡት። የተጣበቀ ክዳን ካለ ክዳኑን ብቻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት፣ ስታዞሩት ደግሞ ቱቦውን ከአንገቱ ስር ያዙት፣ ሆዱን ይዛችሁ ካዞራችሁ ይቀደዳል።

የዘይት ቀለም ቱቦን ከታች ወደላይ እየጨመቁ እያጠፉ መሄድ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቱቦ ራሱ የተፈጠረው ለዚህ ነው፣ ጆን ጎፍ ራንድ ሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ በ1841 ነው ሚታጠፍ የብረት ቱቦ ያመጣው፣ ከሱ በፊት ሰዓሊዎች ቀለማቸውን ሚያስቀምጡት በአሳማ የሽንት ፊኛ ውስጥ ነበር፣ በስተው ያወጡና ከዛ በኋላ በደንብ መዝጋት አይቻልም። የብረት ቱቦ ሲጨመቅ እንደተጨመቀ ይቀራል፣ አየር ተመልሶ አይስብም፣ የዘይት ቀለም ጠላት አየር ነው ብለን የለ፣ በደንብ የተዘጋ የዘይት ቱቦ ለብዙ ዓመት ሚቆየው ለዛ ነው። ፓሌት (ቀለም ሚደባለቅበት ሰሌዳ) ላይ የተረፈውን የዘይት ቀለም ደግሞ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ አርጋችሁ ፍሪዘር ብትከቱት መድረቁ በጣም ይዘገያል (ከምግብ ጋር አይሁን ብቻ)፣ አንዳንዱ ሰው ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት አርጎ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፣ እሱም ያዘገየዋል፣ ቀለሙ ውስጥ ግን በብዛት አትጨምሩት፣ የደረቀውን ቀለም ያደክመዋል።

አክሪሊክን ግን ፍሪዘር እንዳታስገቡ! ውሃው በረዶ ሲሆን እነዛን የፕላስቲክ ጠብታዎች ያጣብቃቸዋል፣ ሲቀልጥ አይብ የመሰለ ነገር ነው ምታገኙት። ሚኒሶታ፣ ስዊድን ምናምን ያላችሁ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ አትተዉት። ሪያድና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ መኪና ውስጥ አትርሱት፣ ሙቀቱ ውሃውን በፕላስቲኩም በክዳኑም አርጎ ያወጣዋል። አዲስ አበባ ቆርቆሮው ስር ካለ ቁም ሳጥን አናት ይልቅ አልጋ ስር ይሻላል።

ትልቅ ጠርሙስ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ወይ ለሶስት ተዋጥታችሁ አንድ 250 ሚሊ ከሆነ የወሰዳችሁት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አካፍሉት። ፋርማሲ ምትሸጠዋ 10 ሚሊ ስሪንጅ፣ መርፌዋን አውጥታችሁ፣ ለዚህ ሥራ ምርጥ ናት፣ ስንት እንደወሰዳችሁም ቁጥሩ ላይ ታዩታላችሁ። ሚሞላበት እቃ ክዳኑ በጥርስ ሚዘጋ፣ በደንብ የታጠበና የደረቀ ትንሽ ጠርሙስ ይሁን፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ ባዶ ቦታ ሲበዛ ውሃው ወደዛ ይተናል፣ ኢናሜል ከሆነ ደግሞ ያ አየር ራሱ ቆዳ ያወጣበታል። ፕላስተር ለጥፋችሁ የቀለሙን ስምና የተካፈለበትን ቀን ጻፉበት፣ የመድሃኒት ወይ የመጠጥ ጠርሙስ ከሆነ በተለይ፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ የፋንታ ጠርሙስ ውስጥ ቲነር ማስቀመጥ ሚባል ነገር አይታሰብም።

እና እባካችሁ ከፓሌት ላይ የተረፈ አክሪሊክ ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ብሩሽ ነክቶታል፣ የቧንቧ ውሃ ገብቶበታል፣ ባክቴሪያ ይዞ ነው ሚመለሰው፣ ፋብሪካው የጨመረው መከላከያ ኬሚካል የተወሰነ ነው ሚችለው። ከጊዜ በኋላ ከፍታችሁ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ እሱ ነው፣ እሱን ማዳን አይቻልም። ይልቅ መጀመሪያውኑ ያስፈልገኛል ካላችሁት ግማሹን አውጡ፣ ካነሰ ይጨመራል። የተረፈውን ለነገ ማቆየት ከፈለጋችሁ እርጥብ ፓሌት ስሩ፣ ክዳን ያለው ምሳ እቃ፣ ውስጡ የረጠበ ስስ ስፖንጅ ወይ ታጥፎ የተነከረ ሶፍት፣ ከላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት። ውሃው በወረቀቱ አርጎ ቀስ እያለ ቀለሙን ከስር ያርሰዋል፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ጥላ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለቀናት ይቆያል። ሰም የተቀባ ወረቀት ግን አይሆንም፣ ውሃ አያሳልፍም። በበጋ አዲስ አበባ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ክፍት ፓሌት ላይ አክሪሊክ በደቂቃዎች ነው ቆዳ ሚያወጣው፣ ያኔ ነው ልዩነቱ ሚታያችሁ።

ወፈር ያለ ግን ገና ለስላሳ የሆነ አክሪሊክ ይድናል፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ማደባለቅ ነው፣ ውሃ ብዙ ከፈለገ ከውሃው ይልቅ የአክሪሊክ ሚዲየም (ፒግመንት የሌለበት ማጣበቂያው) ይሻላል። ጎማ ጎማ ሚል ቁራጭ ካለበት ግን አታደባልቁት፣ ቁራጩን ልቀሙና የቀረውን ተጠቀሙ። ኢናሜል ላይ የወጣውን ቆዳም እንደዛው፣ ዙሪያውን በቢላ ቆርጣችሁ በአንዴ አንሱት እንጂ አትበጥብጡት። የተራረፉ ከለሮችን ደግሞ አንድ ላይ ደባልቃችሁ የሚወጣውን ግራጫ ወይ ቡናማ ቀጣዩን ሸራ መደብ ቀቡበት፣ ነጭ ሸራ ላይ ከመጀመር ራሱ ይሻላል።

መጣል ካለበት አክሪሊክን ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ ይድረቅና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሂድ፣ ሲንክ ውስጥ ከደፋችሁት ቧንቧው ውስጥ ነው ፕላስቲክ ሚሆነው። ብሩሽ ያጠባችሁበትን ቲነር አትድፉ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ አስቀምጡት፣ በቀናት ውስጥ ቀለሙ ከታች ይረጋል፣ ከላይ ጥርት ያለውን ቀስ ብላችሁ ቀድታችሁ ደግማችሁ ታጥቡበታላችሁ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን ተጨባብጦ ፌስታል ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና በራሱ እሳት ሊነሳ ይችላል። ደጅ ገመድ ላይ ወይ ሲሚንቶ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ድርቅ ሲል ነው ሚጣለው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ።